አሥር ሜትር ከበሩ

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.
ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለአንሙት ተክለ ማርያም
ፒናር ዴል ሪዮ፣ ኩባ

«ከእንግዲህ በደባርቅ እንዲያጨስ የሚፈቀድለት ተራራው ብቻ ነው።»

ይህን ያለው የማላውቀው ሰው ነው። ትናንት መናኸሪያው ጥግ ሻይ ስጠጣ ከኋላዬ ተቀምጦ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት። ሕግ አክባሪ ነኝና ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጥቼ አየሁ። እውነቱን ነው። ተራራው ጉሙን ያጨሳል፤ ከማንኛውም በር ከአሥር ሜትር በላይ ይርቃል፤ ዕድሜውም ከሃያ አንድ ዓመት አልፏል።

አባትህ መሪጌታ ተክለ ማርያም ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ የጀመረ ደብዳቤ ቢደርሳቸው ለላኪው ይመልሱት ነበር። ስለዚህ ልታረም፦ የትንሣኤው ብርሃን ባሕር ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። የአባቶቻችን አምላክ በጤና ያቆይልኝ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገና ነው፤ በጎቹ ከስተዋል፤ እኔ አልከሳሁም።

አሁን ወደ ነገሩ። መንግሥት የትምባሆ አዋጅ አውጥቷል። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ቀርቷል፤ ውጭም ቢሆን ከበሩ አሥር ሜትር ሳይርቁ አይቻልም፤ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላውም ትምባሆ አይሸጥም። ከጤና በኩል ወይዘሪት ማዕረግ የምትባል የዳባት ልጅ ቢጫ ሜትር ይዛ መጣችና የእንግዳ ማረፊያዬን በረንዳ አየች። አንተ ጎንደር ለሚሠሩት የኩባ ሐኪሞች እያስያዝህ የላክኸው ሲጋር አሥራ ሦስት ዓመት የተጨሰበትን በረንዳ። ከራስ ደጀን የወረደ ፈረንጅ ሁሉ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጦ አንድ የሚለኩስበትን፣ የበቅሎው ባለቤት ጭነቱን ሲያራግፍ እሱ ስሙን በመዝገቤ ላይ የሚጽፍበትን። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ አላጨስም። ነገር ግን በዚህ ተራራ ሥር ሲጋር ከነወጉ የሚጨስበት አንድ ቦታ ቢኖር የእኔ በረንዳ ነው፤ ይህን ስናገርም አላፍርም።

«ከበሩ ስንት ይርቃል?» አለችኝ።

«በረንዳ እኮ ነው እቴ። በሩ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ዜሮ» ብላ ጻፈች።

ሀብተ ሚካኤል ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ነበር። የሊማሊሞን መንገድ በዶዘር ሲጠርግ የኖረው ነው፤ ዛሬ ጡረተኛ ነው። ካንተ ሲጋር አንዱን አራት ቦታ ቆርጦ ወር ያደርስበታል። «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሳጨስ በር ለክቼ አላውቅም» አላት። «ሳምባዎንም አላስለኩም፣ አባባ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይወዳታል።

አባ ገብረ ሚካኤል ደስታቸው ወሰን የለውም። ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ብለው ዕድሜ ልካቸውን አስተምረዋል። «ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ሊቃውንት አርዮስን ካወገዙት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው፤ መንግሥት ዘገየ እንጂ አልሳተም» ይላሉ።

በረንዳው ተዘግቷል። እኔ አልተዘጋሁም። ጓሮዬን እያየሁ አንድ ነገር አስባለሁ።

ወንድምህ
እንዳለው ወልደ ሩፋኤል


ፒናር ዴል ሪዮ፣ ሰኔ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.
(ቀኑን በጣቴ ቆጥሬ ነው፤ ብሳሳት ይታረም)

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ እንዳለው

በልጅነቴ ሁለት ሰላምታ ተምሬያለሁ፤ አንዱን ከአባቴ፣ ሌላውን ወደዚህ ካመጣን መርከብ ላይ ከካድሬው። የካድሬውን ትቼዋለሁ። ሰላመ እግዚአብሔር የሃሉ ምስሌክሙ። ጉልበትዎን ስሜ እነሳለሁ። አማርኛዬ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የቆመ ስለሆነ ቢያነክስ ይታገሡት።

እንደሚያውቁት እኔ ሲጋር አልጠቀልልም። ሥራዬ ማንበብ ነው። ሁለት መቶ ሰው ቅጠል ሲጠቀልል እኔ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኜ ጋዜጣና ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ያልነገርኩዎትን ዛሬ ልናዘዝ፦ ከሦስት ዓመት ወዲህ የእርስዎንም ደብዳቤ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ። ያለ ፈቃድዎ ነው። «ዜሮ ብላ ጻፈች» የሚለው ላይ ስደርስ የቅጠል መቁረጫቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱ፤ የእኛ ፋብሪካ ጭብጨባ ይህ ነው። አለቃው ሊቆጣ ገባና «አዛውንቱ ምን መለሰላት?» ብሎ ተቀመጠ።

አዋጁ እኛንም አግኝቶናል። ወደ አንዳንድ አገር የሚሄደው ሣጥን አሁን አርማ የለውም። ቀለሙ የጭቃ ነው፤ ከላዩ የታመመ እግር ፎቶ አለ። ሚላግሮስ የምትባል ሴት ሃምሳ ዓመት አርማ ስትለጥፍ የኖረች፣ ፎቶውን አገላብጣ አየችውና «እግሩ የማን ነው?» አለች። የሚያውቅ ጠፋ። «ባለቤቱን ካላወቃችሁት፣ ማጨሱን በምን አወቃችሁ?» አለች። ያም ሆኖ ሣጥኑ ያን ለብሶ ይሄዳል፤ የሚገዛው ግን አንሷል። ከአራት ጠረጴዛ አንዱ ባዶ ነው።

ጋሼ፣ ሥራው ስላነሰ ዕድሜዬ ሳይደርስ በጥር ጡረታ እወጣለሁ። እዚህ ከመጣሁ አርባ ዓመት ሞላኝ። እመጣለሁ ስል ስንት ጊዜ እንደሰሙኝ አውቃለሁ። አሁን ግን በሁለት መቶ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ፦ እዚያ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ ብያለሁ። እናቴንና አባቴን አልቀበርኩም፤ የእኔ የምለው መቀመጫ እዚያ እርስዎ አጠገብ ብቻ ነው። አደራ፣ ቦታውን ያቆዩልኝ። ከተቀመጡበት የሚታየው የትኛው ተራራ ነው?

ታናሽዎ
አንሙት


ደባርቅ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት

እመቤታችን በፍልሰታዋ የለመንካትን ትስማህ። ለሁለት መቶዎቹም ሰላምታዬን በየጠረጴዛቸው አድርስልኝ። ደብዳቤዬን እንደሚሰሙ ካወቅኩ ወዲህ ጽሑፌን አሳምራለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር አርባ ተማሪ እንኳ በአንድ ጊዜ ሰምቶኝ አያውቅም።

ራስ ደጀን ከደባርቅ አይታይም። ለዚህ ነው የሚሄዱት። ከእኔ ዘንድ የሚታየው የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ ጉም ነው።

አሁን የሆነውን ስማ። ዝናቡ ሳይጠና፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ጓሮዬን ለካሁ። ከበሩ አሥራ አንድ ሜትር ሲሆን የድንች መደቤ መሃል አረፈ። ትርፏ አንድ ሜትር የራሴ ናት፤ ከሕጉ በላይ ሕጋዊ ልሁን ብዬ ነው። ደቦ ጠራሁ፤ ሃያ ሰው መጥቶ በሁለት ቀን ጎጆ አቆመልኝ። ግድግዳው ተመረገ፣ ክዳኑ ተከደነ። በሩን ሀብተ ሚካኤል በእጁ ሠራው፤ ከጽድ ሣንቃ፣ ማጠፊያው ከድሮ ዶዘሩ። ሰው ሁሉ እየመጣ ከፍቶ ይዘጋው ጀመር፤ እንደዚያ ያለ በር ነው።

ማዕረግ መጣች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማጨሻ» አልኩ በኩራት። «አሥራ አንድ ሜትር። ለኪው።»

ለካችው። አሥራ አንድ ነው። ቀና ስትል ግን ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ።

«ይህስ?»

«በር ነዋ» አላት ሀብተ ሚካኤል። «የጽድ።»

«የሚያጨሰው ሰው ከዚህ በር ስንት ይርቃል?»

«ኧረ ልጄ፣ እሱ እኮ ውስጥ ነው!»

«ችግሩም እሱ ነው፣ አባባ።»

ተያየን። ከሃያው ሰው አንድም «በሩን ምን ያደርግልሃል?» ያለኝ አልነበረም። ደባርቅ ላይ በር የሌለው ቤት ሠርቶ እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው አልተወለደም፤ ብርዱም አይፈቅድ፣ ስምም ይጠፋል። በሩን ነቀልነው። ሀብተ ሚካኤል ተሸክሞት ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። መመሪያውን አንብባ ነበር። «ጋሼ፣ ጣራና ግድግዳ ካለው ቤት ነው። ሰው ከተገለገለበት ደግሞ ውስጡ አይጨስም። በሩን በከንቱ አስነቀልኩዎት፤ ይቅርታ።» ይቅርታ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት ልቆጣት? ግድግዳውን የሚያፈርስ ደቦ ጠራሁ። ያው ሃያ ሰው መጣ። ጠላውም እንደገና ተጠመቀ።

አሁን የቆመው አራት ምሰሶና ክዳን፣ ከሥሩም የድንጋይ መቀመጫ መደብ ነው። ለሠራተኞቹ አንብብላቸው። ደግሞም ንገራቸው፦ መቀመጫህ አልተነካም።

እንዳለው


ፒናር ዴል ሪዮ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሽ እንዳለው

ያዘገየኝ ሥራ ነው ይበሉልኝ። አምላክ ዕድሜዎን እንደ ሊማሊሞ መንገድ ያርዝመው፤ ጠመዝማዛውን ትቶ።

የበሩን ነገር ሁለት ቀን አነበብኩት። በመጀመሪያው ቀን «ችግሩም እሱ ነው» ላይ አቆምኩ፤ እያለቀሱ የሳቁ አሉ። ማታ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ስለ በሩ ተጣሉ። ግማሹ ማዕረግን፣ ግማሹ ሀብተ ሚካኤልን ይዟል። ሚላግሮስ ግን «ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጥፋቱ የብርዱ ነው» ብላ ጨረሰችው።

ከመስከረም ወዲህ የማነበው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ከሰዓት ሌላ ልጅ ተተክቷል፤ ጥሩ ድምፅ አለው፣ ግን ኮማ ላይ አያርፍም። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርስ እኔን ይጠብቃሉ።

አሁን ልመናዬ። ሥዕል ይላኩልኝ፤ ፎቶ ሳይሆን በእጅዎ የተሳለ። ቤቱ የት ነው፣ መደቡ የት ነው፣ ከቤቱ ወደ መደቡ መንገዱ ዳገት አለው ወይ? ለሠራተኞቹ በሰሌዳ ላይ ልስልላቸው ነው። ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ። የተወለድክበት ቦታ የሚለው ላይ ጸሐፊዋ ደባርቅን በአራት ዓይነት ጻፈችው፤ አንዱን መረጥኩ።

አንሙት


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት

የበአታ ማርያም በረከት አይለይህ። ሥዕሉን አያይዣለሁ። መንገዱ ዳገት የለውም፤ ጥቂት ቁልቁል ነው። የድንቹን መደብ ያጠቆርኩት ለውበት ነው።

በሥዕሉ ላይ ክዳን ብታጣ አትደንግጥ፤ ወርዷል። ማዕረግ አላዘዘችም። ጣራው ሲንጠለጠል ሳየው «ነገ አንድ ጎበዝ መጥቶ ቤት ነው ቢለኝስ?» አልኩና ራሴ አወረድኩት። የቀረው የድንጋይ መደብ ነው። ርዝመቱ ስድስት ክንድ፣ ከበሩ አሥራ አንድ ሜትር፣ ሰማይ በላዩ።

ቀጥሎ ወደ ሣጥኑ መጣን። ማዕረግ ያንተን የሲጋር ሣጥን አገላብጣ አየችው። «ማስጠንቀቂያው የታል? በአማርኛ፣ ከነሥዕሉ፣ የሣጥኑን ሰባ በመቶ የሚሸፍን?»

«ከኩባ በወንድሜ የተላከ ነው።»

«መላኩ ደግ ነው። መሸጡ ግን አይሆንም።»

«እንግዲያው አልሸጥም። ለእንግዳ በነጻ እሰጣለሁ።»

«በነጻ ማደል ማስተዋወቅ ነው። ይህም ተከልክሏል።»

«መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ልየው?»

«ለብቻዎ ከሆነ ይዩት» አለች፤ አሰብ አድርጋ ደግሞ «መጋረጃውን ዘግተው» አለች።

ስለዚህ የቀረው እንደዚህ ነው። ከተራራ የወረደ እንግዳ የራሱን ሲጋር በኪሱ ይዞ ከመጣ፣ ሃያ አንድ ዓመት ከሞላው፣ አሥራ አንድ ሜትር ከሄደ፣ ብርዱንም ከቻለ ያጨሳል። በዚህ ወር የመጡት አብዛኞቹ ከረሜላ ይመጥጣሉ እንጂ አያጨሱም። አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ግን የራሱን አውጥቶ ለኮሰ፤ ነፋሱ ግማሹን አጨሰለት። በመዝገቤ ላይ «በሕይወቴ ካጨስኩበት ቦታ ሁሉ ከሕግ ጋር ይበልጥ የተስማማሁበት» ብሎ ጻፈ። ሀብተ ሚካኤልም ጋቢውን ተከናንቦ ሩቡን እዚያው ያጨሳል። «ድሮ ሳጨስ እሞቅ ነበር» ይላል።

ፈቃድ ጻፊልኝ ብላት «ላልተከለከለ ነገር ፈቃድ አይጻፍም» አለችኝ። ለመንኳት። በመጨረሻ «አቶ እንዳለው ወልደ ሩፋኤል ያዘጋጁት መደብ በተደረገው ልኬት ሕግ ሳይተላለፍ ተገኝቷል» ብላ በማኅተም ሰጠችኝ። በመስታወት አስገብቼ ከአባቴ ፎቶ ጎን ሰቅዬዋለሁ። አንሙት፣ ሲጋር የማይሸጥበት፣ የማይሰጥበት፣ የማይታይበት የሲጋር መቀመጫ በአገሩ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ኮርቼበታለሁ። ና ብቻ።

እንዳለው


ፒናር ዴል ሪዮ፣ ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሽ እንዳለው

ጥምቀትን ከእናንተ ጋር ባልውልም ውኃው ይድረሰኝ። እግዜር ለእኔም አንድ ጥምቀት ደባርቅ ላይ ያቆይልኝ።

ባለፈው ዓርብ ጡረታ ወጣሁ። የመጨረሻ ንባቤ የማኅተሙ ደብዳቤ ነበር። ሳነብ «ሕግ ሳይተላለፍ ተገኝቷል» ላይ ሁለት መቶው ሰው ተነሳ። መቁረጫውን ሲመቱ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገብ ነበር። ሥዕልዎ ሰሌዳው ላይ ነው፤ አዲሱ ልጅ እንዳያጠፋው ተነግሮታል። ሚላግሮስ አንድ ሲጋር ጠቅልላ ሰጠችኝ። አርማ አልለጠፈችበትም። «ያቺ ልጅ እንዳትቀጣህ» አለች።

ጋሼ፣ እኔም ኮርቻለሁ። ከዚህ ፋብሪካ ሲጋር ንጉሥም ፕሬዚዳንትም አጭሷል ይባላል። አንዳቸውም ግን ሃያ ሰው ሁለት ደቦ ወጥቶ መቀመጫ አላዘጋጀላቸውም።

ለትኬቱ ልጆቼ አዋጥተዋል። ከመቁረጤ በፊት አንድ ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ። ከመስከረም ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ሐኪም ቤት ነበርኩ። ሐኪሟ ሳምባህ ካንተ ቀድሞ አርጅቷል አለችኝ። በሕይወቴ አንድም አጭሼ አላውቅም አልኳት። «ሠላሳ አንድ ዓመት አፍህን ከፍተህ ያነበብኸው የት ነው?» አለችኝ። በትምባሆ አቧራ ውስጥ ነው። መሄድ ትችላለህ፣ ነገር ግን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ካለ አገር እንዳትወጣ፣ ከወጣህ አትመለስም ብላኛለች።

እኔ ልጅ ሳለሁ ከፍታ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ አገሩ ሁሉ ሜዳ ይመስለኝ ነበር። ኢንተርኔቱ ብዙ ይላል፤ እኔ የማምነው ጂኦግራፊ ያስተማሩትን ወንድሜን ነው። ደባርቅ ስንት ሜትር ናት? መልስዎ እንደደረሰኝ ትኬቱን እቆርጣለሁ።

አንሙት


ደባርቅ፣ የካቲት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት

የጾሙ ወራት በረከቱን ያውርድልህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሃያ አንድ ቀን ሆነው። ያዘገየኝ ሥራ ነው በለው።

እዚህ ነገሩ ሁሉ አምሯል። ባለፈው ሳምንት ማዕረግ ከዳባትና ከመካነ ብርሃን የመጡ ስድስት ባለሙያዎች ይዛ መጣች። መደቡን አስጎበኘቻቸው። ሜትሯን ከበሩ ዘረጋች፤ አንዱ በሩ ጋ ያዘ፣ ሌላው መደቡ ጋ። «እንዲህ ነው የሚደረገው» አለቻቸው። ሁሉም ጻፉ፤ የመካነ ብርሃኑ ሰው ድንጋዩን ሳይቀር ቆጠረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንደዚያ ቀን ቆሜ አላውቅም።

አባ ገብረ ሚካኤልም መጥተው መደቡን ባረኩት። «አርዮስ ያበቀለውን አልባርክም፤ ድንጋዩ ግን ምን በደለ?» አሉ። ሀብተ ሚካኤል በሩን ለማዕረግ ሰጣት፤ ዳባት ቤት ልትሠራ ነው። አንተ ስትመጣ የምትይዘውን የሚላግሮስን ሲጋር ነግሬው ሩቡን ይጠይቀኛል ስል፣ «የሱ ሙሉውን ይጨስ፤ እኔ አያለሁ» አለኝ። ይህን ከሀብተ ሚካኤል አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ትናንት ማዕረግን ብቻዋን አግኝቼ «አንድ ሰው በጽሑፍ የሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው ቢያንስ በየትኛው አንቀጽ ይጠየቃል?» አልኳት።

«የምን ቁጥር?»

«እንዲሁ ቁጥር።»

ትንሽ አየችኝና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ትርፍ አንድ ሜትር የጨመሩ ሰው ነዎት» አለችኝ።

ለሁለት መቶዎቹ፣ ለሚላግሮስም፣ ኮማ ላይ ለማያርፈው ልጅም ሰላምታዬን አድርስ። አምላከ ተክለ ማርያም ይጠብቅህ።

ወንድምህ
እንዳለው ወልደ ሩፋኤል

ለጠየቅኸኝ፦ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሜትር ናት።